ለሥራ የሚሆን ስልክ አመራረጥ፦ ለባለ ሱቅና ለአነስተኛ ነጋዴ

ስልክ መሸጫ ገብቶ ከሁሉ አስቀድሞ «ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ ነገሩን ከጅራቱ ይዞታል። ሻጩ ደስ ይለዋል፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ትልቅ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ተጽፎለታል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ግን፣ የባንኮቹ መተግበሪያዎችም ሲታከሉበት፣ የሱቅ ስልክ የገንዘብ መሳቢያ ሆኗል። መሳቢያ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከቀለሙ በፊት ቁልፉን ይሞክራል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው አንድ ሱቅ ይዘው፣ አንድ ወይም ሁለት ሠራተኛ ቀጥረው፣ በስልካቸው ክፍያ ለሚቀበሉና ዕቃቸውን በቴሌግራም ለሚያሳዩ ሰዎች ነው። ዋጋ አልጠቀስኩም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ዛሬ ተጽፎ ነገ ያረጃል።

1. ከሱቅዎ ሳይወጡ የጭንቅ ሰዓትዎን ይጻፉ

ሱቅዎ በጣም የሚጨናነቅበትን ሰዓት ያስቡ። ለአንዱ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ለሌላው የበዓል ዋዜማ። በዚያ ሰዓት ስልክዎ ምን ምን ይሠራል? አንዱ ደንበኛ በቴሌብር ከፍሎ «ገባ?» ይላል፤ ሌላው በባንክ አስተላልፎ ማረጋገጫ ይጠብቃል፤ በቴሌግራም አምስት ሰው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ጽፏል፤ ዕቃ አምጪው ደግሞ መሐል ላይ ይደውላል። ስልክ የሚመረጠው ለዚህ ሰዓት ነው። ሱቁ ጭር ባለበት ጠዋት ማንኛውም ስልክ ጥሩ ነው።

ይህን ሲጽፉ ከሦስቱ በየትኛው ወገን እንደሆኑ ይለያል። አንዳንዱ ሥራ መደወልና ክፍያ መቀበል ብቻ ነው። አንዳንዱ ልብስ፣ ጫማ ወይም ኮስሞቲክስ በፎቶና በቪዲዮ መሸጥ ነው። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ዕቃ አድራሽና እንደ ግንባታ ተቋራጭ ቀኑን ሙሉ ከቤት ውጭ መዋል ነው። የመጀመሪያው ውድ ስልክ አያስፈልገውም፤ ሁለተኛው ካሜራና ሰፊ ማከማቻ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ባትሪና ፀሐይ ላይ የሚነበብ ስክሪን።

ሌላው የቤት ሥራ ኔትወርክ ነው። የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም ይዘው ዘወትር በሚቀመጡበት ቦታ፣ ባንኮኒው ጋ ቆመው ይሞክሩ። መርካቶ ውስጥ እንዳሉት የሕንፃ ምድር ቤቶችና የውስጥ መደዳዎች ባለ ቦታ ኔትወርክ ከሌለ፣ በጣም ውዱ ስልክም አያመጣውም። ደካማ ኔትወርክ ባትሪም ይጨርሳል፤ ስልኩ ምልክት ሲፈልግ ነው የሚውለው።

እግረ መንገዴን ልንገርዎ፦ ተራውን ባለ ቁልፍ ስልክ አይጣሉት። ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ አገልግሎት በ*889# ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ስማርት ስልኩ በተሰበረ ወይም ባትሪው ባለቀ ዕለት ሲሙን ወደ ተራው አዛውሮ መሸጥ መቀጠል ይቻላል። መሳቢያው ውስጥ ቻርጅ ተደርጎ ይቀመጥ።

2. ካርቶኑ ላይ ያለውን ማንበብ ይማሩ

ከሁሉ በፊት ራም። ራም ስልኩ በአንድ ጊዜ ክፍት አድርጎ የሚይዘው ሥራ መጠን ነው። ራሙ ሲያንስ፣ ከባንኩ መተግበሪያ ወደ ቴሌግራም ሄደው ሲመለሱ ባንኩ ተዘግቶ እንደገና የይለፍ ቃል ይጠይቅዎታል፤ ደንበኛው ፊትዎ ቆሞ ማለት ነው። ለክፍያና ለጥሪ ብቻ 4 ጂቢ ይበቃል። በቴሌግራም የሚሸጥ ሰው ግን ከ6 ጂቢ ባይወርድ እመክራለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «16 ጂቢ ራም» ይልና ከሥሩ በትንሹ «8+8» ይላል። እውነተኛው ራም የመጀመሪያው 8 ነው። ሁለተኛው ከማከማቻው ላይ የሚበደረው ቦታ ነው፤ ፍጥነቱ ከራም ጋር አይወዳደርም፣ ማከማቻዎንም ያጠብባል። ሁለት ስልክ ሲያወዳድሩ ከመደመር ምልክቱ በፊት ያለውን ብቻ ይቁጠሩ።

ማከማቻ ብዙዎች «ሚሞሪ» የሚሉት ነው፤ ፎቶው፣ ቪዲዮውና መተግበሪያው የሚቀመጥበት። ለሥራ 128 ጂቢ መነሻ ይሁን፤ ቪዲዮ የሚሠሩ ከሆነ 256። የቀድሞው ስልክዎ «ሞላ» እያለ ካስቸገረዎት ግን አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ቴሌግራምን ይፈትሹ። በየቻናሉ ያዩት ቪዲዮ ሁሉ ስልኩ ውስጥ ይከማቻል። ሴቲንግስ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዚያ ስቶሬጅ ዩሴጅ ገብተው ካጸዱት ብዙ ቦታ ሊለቅ ይችላል፤ የተጸዳውም ከቴሌግራም ላይ አይጠፋም፣ ሲፈልጉ መልሰው ያወርዱታል። በዚህ ብቻ የስልክ ግዢውን ለዓመት የሚያዘገይ ሰው ይኖራል።

የሲም ማስገቢያውን አስወጥተው ይዩት። ቦታው ሁለት ብቻ ሆኖ፣ ሁለተኛው ወይ ሲም ወይ ሚሞሪ ካርድ ብቻ የሚቀበል ስልክ አለ። ቴሌብርን በ09፣ ኤምፔሳን በ07 ለሚሠራ ነጋዴ ይህ ማለት ሚሞሪ ካርድ የለም ማለት ነው። ሦስት የተለያየ ቦታ ያለውን ይፈልጉ፤ ወይም መጀመሪያውኑ ሰፊ ማከማቻ ያለውን ይውሰዱ።

ባትሪ 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት አሁን በመካከለኛ ስልኮች የተለመደ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ከዚያ ባይወርድ ይሻላል። የሚበዛውን ጊዜ ደጅ የሚውል ሰው ፓወር ባንኩንም ከስልኩ ዋጋ ጋር ደምሮ ያስላ።

ካሜራን በተመለከተ ሜጋፒክስሉን ይርሱት። ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ራሱ አሳንሶ ነው የሚልከው፤ 108 ሜጋፒክስል ተብሎ የተገዛው ምስል ደንበኛው ጋ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆኗል። ይልቅ ሱቁ ውስጥ፣ በሱቁ መብራት፣ አንድ ባለ ቀለም ጨርቅ ያንሱና ቀለሙ እውነተኛውን መምሰሉን ይዩ። ቀዩን ብርቱካናማ አድርጎ የሚያሳይ ስልክ ለልብስ ነጋዴ ጠብ ነው የሚያመጣለት። ዕቃውን ወደ በር አውጥቶ በቀን ብርሃን ማንሳት ከየትኛውም ካሜራ ይበልጣል።

የጣት አሻራም እንደ ሥራው ነው። እጁ ሊጥ ለነካ፣ ሲሚንቶ ላሻከረው ወይም ዘይት ለለመደ ሰው አሻራ ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው የሚስጥር ቁጥሩን በፍጥነት መምታት ይልመድ።

በካርቶኑ ላይ የማይጻፈው ትልቁ ነገር ደግሞ ዕድሜው ነው፤ አምራቹ ለስንት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ይልክለታል? ሳምሰንግ ለጋላክሲ ኤስ24 ሰባት ዓመት፣ ዋጋው በጣም ዝቅ ላለው ለጋላክሲ ኤ16 ደግሞ ስድስት ዓመት ቃል ገብቷል። በርካታ ርካሽ ስልኮች ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ይረሳሉ። ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ስልክ ማሻሻያው ሲቆም ለአጭበርባሪ ይጋለጣል፤ የባንክ መተግበሪያዎችም ውለው አድረው አሮጌውን ሥርዓት አንቀበልም ይላሉ። ስለዚህ የሁለት ስልክ ዋጋ ሲያነጻጽሩ፣ ዋጋውን ማሻሻያ ለሚያገኝበት ዓመት ብዛት አካፍለው ያስሉት። ውድ የመሰለው አንዳንዴ ርካሹ ሆኖ ይገኛል።

3. አንድሮይድ ወይስ አይፎን?

ለአብዛኛው ሱቅ መልሴ አንድሮይድ ነው፤ ምክንያቱም ጥገና። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ሦስቱም ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ ልጆች ናቸው፤ ኩባንያው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥም ስልክ ይገጣጥማል። ስክሪናቸውና የቻርጅ ሶኬታቸው በየከተማው አይጠፋም። የሳምሰንግ ኤ ተከታታይም እንደዚያው ነው፤ ማሻሻያውም ይረዝማል። ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ጥገና ቤት ጎራ ብለው «የዚህ ስልክ ስክሪን አለ? ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ስክሪኑ የስልኩን ግማሽ ዋጋ የሚያወጣ ከሆነ፣ ወይም «ማስመጣት አለብን» ካሉዎት፣ ስልኩ ለሥራ አይሆንም። በሦስተኛው ወር መውደቁ አይቀርም።

አይፎን ቪዲዮ ለሚሠራና ስልኩን ብዙ ዓመት ለሚይዝ ሰው ጥሩ ነው፤ ማሻሻያው ይረዝማል፣ ሲሸጥም ዋጋው ቶሎ አይወርድም። ያገለገለ አይፎን ሲገዙ የባትሪውን ጤና ሴቲንግስ ውስጥ ይመልከቱ። ከ80 በመቶ በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። «ደንበኛ እንዲያከብረኝ» ብሎ የሚገዛ ሰውም አለ፤ ያንን ምርጫ አልነቅፍም፣ ግን ከሥራ ወጪ ሳይሆን ከልብስ ወጪ ጋር ይመዝገብ።

4. መሸጫው ውስጥ ሳይቸኩሉ ይፈትሹ

ስልኩን ከፍተው *#06# ይደውሉ። ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ይመጣል፤ አይኤምኢአይ ይባላል፣ ሁለት ሲም ለሚወስድ ስልክ ሁለት ነው። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ካልገጠመ ስልኩን አስቀምጠው ይውጡ። ከገጠመ ደግሞ ፎቶ አንስተው ለራስዎ ይላኩ፤ ቢጠፋ ያስፈልግዎታል።

ቀጥሎ በሻጩ ዋይፋይ ፕሌይ ስቶርን ይክፈቱና ሴቲንግስ፣ ከዚያ አባውት ውስጥ ይግቡ። ከታች ስልኩ በጉግል የተረጋገጠ መሆን አለመሆኑን ይናገራል። አስመስሎ የተሠራ ስልክ ብዙ ጊዜ እዚህ ይወድቃል። አስመሳይ ስልክ ማከማቻውንም ይዋሻል፤ 512 ጂቢ ብሎ ጽፎ ከጥቂት ሺህ ፎቶ በኋላ የገባውን ፋይል የሚያበላሽ አለ። ዋጋው ከአካባቢው ሱቆች ሁሉ በግማሽ ዝቅ ካለ ምክንያቱን ራስዎን ይጠይቁ፣ ሻጩን ሳይሆን።

ሳምሰንግ ከሆነ *#0*# ይምቱ፤ ስክሪኑን፣ ድምፁንና ካሜራውን የሚሞክሩበት ገጽ ይከፈታል። ሌላ ከሆነ በእጅዎ ይሞክሩ። ሲምዎን አስገብተው ደውለው ያውሩ፤ ቻርጀር ሰክተው መሙላቱን ይዩ፤ አማርኛ ኪቦርድ ከፍተው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ወደ ደጅ አውጥተው ስክሪኑ በፀሐይ መነበቡን ይዩ።

ያገለገለ ስልክ ከሆነ ዋናው ፈተና ይህ ነው፦ ሻጩ እርስዎ እያዩ ሁሉንም ነገር አጥፍቶ እንደ አዲስ ያስጀምረው። የቀድሞውን ባለቤት የጉግል ወይም የአፕል አካውንት ከጠየቀ፣ ሻጩም ማስገባት ካልቻለ፣ ስልኩ የእሱ አይደለም። «ጓደኛዬ ይከፍተዋል» ቢልም አይቀበሉት። ደረሰኝም ይጠይቁ፤ ዋስትናው በጽሑፍ ይሁን፣ ማኅተም ይኑረው።

5. ከውጭ ለሚላክ ስልክ

ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር ስልክ ልላክ ካለዎት፣ ሳይገዛ በፊት ሁለት ነገር ይንገሩት። አንደኛው «አንሎክድ ይሁን» ነው። አሜሪካ ውስጥ በየወሩ በሚከፈል ውል የተወሰደ ስልክ ከአንድ ኩባንያ ጋር ተቆልፎ ይመጣል፣ የእኛን ሲም አይቀበልም። አይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ አባውት ውስጥ የኔትወርክ ገደብ እንዳለበትና እንደሌለበት ይጻፋል። ሁለተኛው የሲም ቀዳዳ ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. አይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት አይፎኖች ሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ ኢሲም ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ ሲም ከስልክ ወደ ስልክ ማዛወር ለለመደ ነጋዴ ይህ ራስ ምታት ነው። ተራው ስልክ መጠባበቂያ ይሁን ያልኩትም እዚህ ላይ አይሠራም።

6. የገዙ ዕለት ማታ

አንድ ሰዓት ይመድቡ። ስልኩ ላይ ባለ 6 አሃዝ መክፈቻ ቁጥር ያድርጉ። የቴሌብሩና የባንኩ ቁጥር ከዚህም፣ እርስ በርሳቸውም ይለያዩ፤ የትውልድ ዓመትም አይሁኑ።

ከዚያ ብዙ ሰው የማያውቀው፦ ሲሙንም ይቆልፉት። ሌባ የተቆለፈ ስልክ ሲያገኝ ሲሙን አውጥቶ በሌላ ስልክ ይከተዋል፤ የማረጋገጫ ኮዶች ሁሉ ለእሱ ይመጣሉ። ሴቲንግስ ውስጥ በሴኩሪቲ ሥር የሲም መቆለፊያ አለ። መነሻው ቁጥር ሲሙ የመጣበት ካርድ ላይ ተጽፏል፤ ወደራስዎ ቁጥር ይቀይሩት። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ሲሙ ይዘጋና የመክፈቻ ኮድ ይጠይቃል፤ ያም ካርዱ ላይ አለ፣ ስለዚህ ካርዱን ቤት ያስቀምጡ።

ቴሌግራም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ። የነጋዴ አካውንት ተሰርቆ በስሙ ለደንበኞቹ «አስቸኳይ ብር ላክልኝ» መባሉ የተለመደ ነው፤ መንገዱም አንድ ነው፦ «የደረሰህን ኮድ ንገረኝ»። ኮድ የሚጠይቅ ሰው የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢልም፣ ዘመድ ነኝ ቢልም አይነገረውም።

የደንበኞችን ስልክ ቁጥር ሲሙ ላይ ሳይሆን በጉግል አካውንትዎ ላይ ያስቀምጡ። የዱቤ መዝገብዎን በጉግል ሺትስ ከያዙ ያለ ኢንተርኔትም እንዲከፈት አድርገው ያዘጋጁት። የጠፋ ስልክ መፈለጊያውም መብራቱን ያረጋግጡ። መሸፈኛና የስክሪን መከላከያም በዚያው ዕለት፤ «ነገ እገዛለሁ» የተባለበት ስልክ ነው የሚሰበረው።

7. ባንኮኒው ላይ

ደንበኛ የከፈለበትን ገጽ በስልኩ ሲያሳይዎት አይመኑ። ያ ምስል ነው፤ ምስል ደግሞ በሁለት ደቂቃ ይሠራል። በራስዎ ስልክ የቴሌብርን መልእክት ከ127 መምጣቱን ይዩ። የንግድ ባንክ ከሆነ በኤፍቲ የሚጀምረውን የዝውውር ቁጥር በራስዎ መተግበሪያ ካለው ጋር ያመሳክሩ። መልእክት ከዘገየ ቀሪ ሒሳቡን ከፍተው ይዩ። ደንበኛው ቢቸኩልም፣ ቢቆጣም ዕቃው ከዚያ በፊት አይወጣም። ይህን ለሠራተኛዎ በግልጽ ይንገሩት፤ አለበለዚያ አፍሮ ይለቃል፣ ማታ ደግሞ ከደመወዙ ይቆረጥበታል።

የግልዎን ስልክ ለሠራተኛ ትተው መሄድም አይበጅም። የሱቁ ስልክ የሱቁ፣ የእርስዎ የእርስዎ ይሁን። የነጋዴ ሒሳብ ከፍተው ሠራተኛው የገባውን ብቻ እያየ ማውጣት የማይችልበትን አሠራር የቴሌብር ወይም የባንክዎን ቅርንጫፍ ይጠይቁ። ዋጋው ከፍ ያለ አንድ ስልክ ለሁለት ከመሻማት መካከለኛ ሁለት ስልክ ይሻላል።

8. ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ከሌላ ስልክ 994 ደውለው የኢትዮ ቴሌኮም ሲምዎን ያዘጉ። የሳፋሪኮም ሲም ካለዎት ወደ 700 ይደውሉ። ቀጥሎ ባንክዎን፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951። ከዚያ በጎረቤት ስልክ የጉግል አካውንትዎን ከፍተው የጠፋውን ስልክ ይቆልፉ፤ እስኪመለስ አይጠብቁ። ሲጨርሱ ከጎረቤትዎ ስልክ ላይ ከአካውንትዎ ይውጡ። ቴሌግራምን በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከፍተው ከነበረ፣ ዲቫይስስ ውስጥ ገብተው የጠፋውን ያስወጡት። ፎቶ ያነሱትን የአይኤምኢአይ ቁጥር ይዘው ለፖሊስ ያመልክቱ፤ መታወቂያ ወይም ፋይዳ ይዘው ደግሞ አገልግሎት ማዕከል ሄደው በዚያው ቁጥር አዲስ ሲም ያውጡ። እነዚህን ቁጥሮች አሁን በወረቀት ጽፈው ከባንኮኒው ሥር ይለጥፏቸው፤ ስልኩ ውስጥ ብቻ የተመዘገበ ቁጥር ከስልኩ ጋር ነው የሚጠፋው።